ለትራፊክ ነው ወይስ ለራስ? የሞተር ሳይክል የራስ ቁርና የደረጃ ምልክት ትርጉም

(ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ በቃል ከቀረበው ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ ነው። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ከጥቃቅን እርማቶች በስተቀር እንዳለ ቀርቧል።)



የከተማችን ሙቀት ገና አልበረደም። ያም ሆኖ ይህን ያህል ሰው ስለ አንድ የራስ ቁር ሊሰማ መምጣቱ ለእኔ ክብር ነው። ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የሞተር ሳይክል ቁሮች ታያላችሁ። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም የአገጭ ማሰሪያ አላቸው፤ ሁለቱም የደረጃ ምልክት ተለጥፎባቸዋል። ስትገቡ በር ላይ የቆሙት ተማሪዎች «ብትገዙ የትኛውን ትገዛላችሁ?» ብለው ጠይቀዋችኋል። ብዙዎቻችሁ በግራዬ በኩል ያለውን መርጣችኋል። አልፈርድባችሁም። ቀለል ይላል፤ ቅርጹ ያምራል፤ ጭንቅላትን አያገዝፍም፤ ዋጋውም የሌላኛውን ሩብ አይሞላም።

የመረጣችሁት ቁር ለጌጥ የተሠራ ነው። በውስጡ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ለሞተር ሳይክል አገልግሎት የማይውል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከተማችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ትናገራለች፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከሦስቱ በአንዱም አልተጻፈም። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ ቁሮች መካከል ስላለው፣ በዓይን ስለማይታየው ልዩነት ነው።

ጎፈርና ቁር

ከቃሉ ልጀምር። በመንገድ ላይ ሁላችንም «ሄልሜት» እንላለን። መጻሕፍቶቻችን ደግሞ «የራስ ቁር» ይሉታል። ቁር የጦር ዕቃ ነው፤ ሰይፍና ዱላ እንዳይገባ ራስን የሚጋርድ። አባቶቻችን በራሳቸው ላይ የሚያኖሩት ሌላም ነገር ነበራቸው፤ የአንበሳ ጎፈር። ጎፈር የማዕረግና የጀግንነት ምልክት ነው። ያደረገውን ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፣ ያስፈራል፣ ያስከብራል። ሰይፍ ግን አይመልስም፤ ይመልሳል ያለም አልነበረም። አባቶቻችን ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር።

የኛ ዘመን ችግር ጎፈሩ የቁርን መልክ ይዞ መምጣቱ ነው። በግራዬ ያለው ዕቃ በተግባሩ ጎፈር ነው፤ አሽከርካሪውን ያሳምረዋል፤ ትራፊክ ፖሊስም እንዳያስቆመው ያደርጋል። የሚሸጠው ግን ቁር ተብሎ ነው።

ራስ መሬት ሲነካ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ በቅድሚያ ላንሣ። «እኔ ከተማ ውስጥ በዝግታ ነው የምነዳው፤ ከሳቢያን ከዚራ ለመሄድ ምን ፍጥነት አለው?» የሚል አስተያየት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በአብዛኛው የሞተር ሳይክል አደጋ ጭንቅላትን የሚጎዳው ግን የሞተሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ራስ ከነበረበት ከፍታ ወደ መሬት ሲወድቅ የሚያገኘው ፍጥነትም ጭምር ነው። አንደኛ ዓመት የተማራችሁትን አስታውሱ። ከ1.83 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል፣ በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቆሞ የነበረ ሰው እንኳ ቢወድቅ ራሱ ወደዚህ ፍጥነት ይቀርባል። ሞተሩ በእግረኛ ፍጥነት ይሂድ እንጂ ውድቀቱ ያው ውድቀት ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ፍጥነት በምን ያህል ርቀት ውስጥ ይገታል የሚለው ነው። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ቅሉ በድንገት ሲቆም አንጎሉ መጓዙን ይቀጥላልና ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። መገቻው ርቀት ባጠረ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ስሌቱ አጭር ነው። የፍጥነቱን ካሬ ለርቀቱ እጥፍ እናካፍላለን። በሰከንድ 6 ሜትር የሚጓዘው ራስ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም፣ አማካይ የመገታት መጠኑ ከመሬት ስበት 73 እጥፍ ያህል ነው። ያው ራስ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን መጠኑ ከ900 እጥፍ ያልፋል። ይህ በጥሩ ሁኔታ የሚታሰብ አማካይ ነው፤ እውነተኛው አደጋ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ቢሆንም በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለውን ወሰን የሚወስነው ያ የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

ያን ርቀት የሚሰጠን ከላይ የሚያብረቀርቀው ቅርፊት አይደለም፤ ከቅርፊቱ በታች ያለው ጠንካራ ፎም ነው። ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኙትን ነጭ ፎም አስቡ። የዚያው ዘመድ ነው፤ የበለጠ ታምቆ የተሠራ። በግጭት ጊዜ ይሰባበራል፣ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅም ለአንጎል መጣ የነበረውን ጉልበት ራሱ ይበላዋል። በቀኜ ያለው ቁር ይህ ፎም አለው። በግራዬ ያለው ጨርቅ የለበሰ ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ በጣቴ ስጫነው ከቅርፊቱ ጋር ይገናኛል። ስፖንጅ ለምቾት ነው፤ የግጭትን ጉልበት አይበላም።

እውቀቱ እንዴት ተገኘ?

ይህን እውቀት የሰው ልጅ በቀላሉ አላገኘውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 «የዐረቡ ሎውረንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎውረንስ በሞተር ሳይክል አደጋ ራሱን ተመትቶ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ አውስትራሊያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን በኀዘን ብቻ አላለፈውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሞተር ሳይክል መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮችን ሞት መዘገበ፤ በ1941ም ግኝቱን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጦር ሠራዊት ሞተረኞቹ ሁሉ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግን ግዴታው በሕግ የመጣው በ1973 ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቁሮች ከቅርፊትና ከማሰሪያ ድር ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ጉልበት የሚበላውን የውስጥ ፎም ያመጡት በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ሎምባርድና ሮት ናቸው፤ የፈጠራ መብታቸውም በ1953 ጸደቀ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ደኅና ቁሮች ሁሉ የዚያ አሳብ ልጆች ናቸው። በግራዬ ያለው የጌጥ ቁር ግን በአሠራሩ ከ1953 በፊት ያለ ዕቃ ነው። አዲስ የሚመስለው ቀለሙ ብቻ ነው።

ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

ደረጃ ምልክት ይመስለናል። ምልክቱ ግን የደረጃው ጥላ ነው። ደረጃ ማለት አንድ የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከኛ ቁር ጋር አንድ ዓይነት የሆኑትን ወስዶ እኛን ወክሎ ሰብሯቸዋል ማለት ነው። በአምስት ኪሎ ግራም ገደማ የብረት ራስ ላይ አጥልቆ፣ ከከፍታ በብረት ሰንጋ ላይ ጥሎ፣ በውስጡ የደረሰውን ጉልበት ለክቶ፣ ማሰሪያውንም ስቦ ፈትኗል። እኛ በራሳችን እንዳንፈትነው ማለት ነው።

የአሜሪካው ደረጃ፣ ብዙ ጊዜ «ዶት» የሚል ፊደል የምታዩበት፣ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በዚህ ሥርዓት አምራቹ ራሱ «ምርቴ ደረጃውን ያሟላል» ብሎ ምልክቱን ይለጥፋል፤ መንግሥት ቁጥጥር የሚያደርገው ከገበያ ናሙና ገዝቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ቁሩ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሥልጣን ያለው አካል ፈትኖ ያጸድቀዋል። የዚህ ምልክት በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ሲሆን አጠገቡ ያጸደቀውን አገር የሚያመለክት ቁጥር አለ፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣልያን እያለ ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ በማሰሪያው ላይ በጨርቅ ተሰፍቶ ይገኛል። የቅርቡ የደንቡ ማሻሻያ ራስ ሲሽከረከር የሚደርሰውን ጉዳትም እንዲፈተን አድርጓል። ሕንድ «አይ ኤስ አይ» የሚል የራሷ ምልክት አላት፤ ከ2021 ወዲህም ያለዚህ ምልክት የሞተር ሳይክል ቁር መሸጥ ከልክላለች። ወደ ገበያችን ብዙ ዕቃ የሚመጣባት ቻይናም የራሷ ደረጃ አላት።

«ዶት» የሚለው ተለጣፊ ወረቀት ግን ለብቻው እንደ ማስቲካ ይሸጣል። አሜሪካኖች ራሳቸው ይህ ስላስቸገራቸው ከ2013 ጀምሮ በምልክቱ ላይ የደረጃው ቁጥርና «የተረጋገጠ» የሚለው ቃል አብረው እንዲጻፉ አስገድደዋል። ስለዚህ ምልክት ካያችሁ በኋላ ምልክቱን ብቻ አትመኑ።

ሕግ የወለደው ሐሰት

የጌጥ ቁር ለምን ኖረ? የሚገርመው መልስ ሕግ ስላለ የሚለው ነው። ቁር ግዴታ ባልሆነበት ቦታ የማይወደው ሰው ራቁት ራሱን ይነዳል፤ የማስመሰያ ዕቃ አያስፈልገውም። ሕጉ «ቁር አድርግ» ብሎ «ምን ዓይነት» የሚለውን ለመጠየቅ አቅም ሲያጣ ግን በመካከሉ አንድ ገበያ ይወለዳል፤ ፖሊስን የሚያረካ፣ ራስን የማይጠብቅ ዕቃ ገበያ። በአሜሪካ የሆነው ይህ ነው። ቬትናም በታኅሣሥ 2007 ለሞተረኛ ሁሉ ቁር ግዴታ ስታደርግ የሕዝቡ ታዛዥነት ዓለምን አስደነቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጎዳናዋ ኮፍያ በሚመስሉ ስስ የፕላስቲክ ቁሮች ተሞላ። ሕዝቡ ሕጉን አከበረ፤ ራሱ ግን እንደተጋለጠ ቀረ።

በኛም አገር ሕግ ቁር እንዲደረግ ያዛል። የምንነጋገርበት ርእስ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስትገድብ ዋናው ምክንያት ወንጀል ነበር፤ በጊዜው የነበረው ክርክርም ስለ ንጥቂያና ስለ እንጀራ እንጂ ስለ ራስ ቅል አልነበረም። የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለን፤ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትም አለን። በጎዳና ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ ግን ፎሙን አውጥቶ ሊያይ አይችልም። የሚያየው ቅርፊቱን ነው፤ ገበያውም ቅርፊት ይሸጥለታል።

በጥናት የተገኘውን ጥቅምም በጥንቃቄ እናንሣ። 61 ጥናቶችን ያገናዘበው የ2008ቱ የኮክሬን ግምገማ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቷል። ይህን ቁጥር በየፖስተሩ እንጽፈዋለን። ነገር ግን ቁጥሩ የተገኘው በአብዛኛው የቁር ደረጃ ካላቸው አገሮች ነው። ያን ቁጥር ወስዶ በግራዬ ባለው ዕቃ ላይ መለጠፍ፣ «ዶት» የሚለውን ወረቀት ከመለጠፍ በምን ይለያል?

በገበያችን

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ በከተማችን ገበያዎች ተዘዋውሬአለሁ፤ ታይዋንም ከፊራም ሄጃለሁ። አንድ ወጣት ነጋዴ ሁለት ዓይነት ቁር አቅርቦልኝ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ለትራፊክ ነው ወይስ ለራስዎ?»

በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ልጁ ያታለለኝ ነገር የለም። ልዩነቱን እሱ ያውቀዋል፤ ገዢውም ሳያውቀው አይቀርም ብሎ ያስባል። በአማርኛችን ደግሞ «ራስ» ማለት ጭንቅላትም ነው፣ ሰውየው ራሱም ነው። «ለራስዎ ነው?» ሲለኝ ሁለቱንም ጠይቆኛል። አባቶቻችን «ከራስ በላይ ነፋስ» ያሉትን ለስስታም እንተርትበታለን፤ ለሞተረኛ ግን የቃል በቃል እውነት ነው። ከራሱ በላይ ያለው ነፋስ ብቻ ነው፤ ወይም ያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ፎም።

ታዲያ ሰው ለምን «ለትራፊክ» ይገዛል? ምክንያቶቹን በንቀት ማለፍ አይገባም። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ላይ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ቁር አድርጎ መንዳት ምን እንደሚመስል ሳይቀምሱ መናገር ቀላል ነው። መልሱ ግን ሙቀቱን መካድ አይደለም። ፊትን የማይሸፍን፣ የነፋስ መግቢያ ያለው፣ ነገር ግን ጠንካራ ፎም ያለውና የተፈተነ ቁር አለ። አገጭን አይጠብቅም፤ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ወደ ሐረር በደንገጎ ጠመዝማዛ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ሙሉውን እመክራለሁ። በከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ግን የተፈተነ ክፍት ቁር ሁልጊዜ በራሱ ላይ ቢኖር፣ ሙሉው ቁር በሙቀት ምክንያት ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚውል ይበልጣል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። በቀን ገቢ የሚኖር መልእክተኛ የወር ትርፉን ለቁር ስጥ ሲባል ምርጫው ከኛ ምርጫ ጋር አንድ አይደለም። ይህን ሸክም በእሱ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ልክ ነው። ሻሽ ወይም ሂጃብ ያደረጉ፣ ጸጉራቸውን የተሠሩ ሴቶች ከኋላ ሲቀመጡ ቁሩ አይገባም፤ ወይም ላይ ላዩን ተቀምጦ ይወዛወዛል። ልኩን ሻሹ እንደታሰረ መለካት፣ ወፍራሙን በስስ መለወጥ ይቻላል። አሁን ግን በአብዛኛው የሚሆነው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ነጂው ቁር አለው፣ የተሳፈረችው የላትም።

ሦስተኛው ቁር

ሦስተኛ ቁር አምጥቻለሁ። እስካሁን በዚህ ፌስታል ውስጥ ነበር። እንደምታዩት ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የማሰሪያው ምስማር ከነቅርፊቱ ተነቅሏል።

የእህቴ ልጅ ነው ያደረገው። የዛሬ አራት ዓመት ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሞተር ሳይክል ተሰጠው። ቁር የገዛሁለት እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት፣ ቸኩዬ፣ ጥቁርና የሚያምር መርጬ። ያን ጊዜ «ለትራፊክ ነው ወይስ ለራስ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እኔ የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት ቁሳቁስ ሲጋጭ ስለሚሰጠው ምላሽ ነው። ስለ ፎም መጨፍለቅ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ያን ቁር ግን ገልብጬ ውስጡን አላየሁትም። በጣቴ አልተጫንሁትም።

አደጋው ታሪክ የሚሆን አይደለም። ከፊቱ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊያሳፍር በድንገት ቆመ፤ ልጁ ሊያልፈው ሲል ሚዛኑን ሳተና በጎኑ ወደቀ። ሩጫ አልነበረም፤ ፍጥነት አልነበረም። ማሰሪያው መጀመሪያ ተነቀለ፤ ቁሩ ቀድሞት መሬት ደረሰ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ።

ልጁ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራውንም ቀስ በቀስ ጀምሯል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽታ የሚባል ነገር አይለይም። የማሽተት ጅማቶች ከአፍንጫ በላይ ባለው ስስ አጥንት ቀዳዳ አልፈው ወደ አንጎል ይገባሉ፤ አንጎል ሲንሸራተት ይበጠሳሉ። እህቴ ቡና ስትቆላ እሱ ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል። ጭሱን ያያል፤ ከዚያ «ደረሰ እንዴ፣ እማ?» ይላታል። እኔም በዚያ ቤት ቡና ስጠጣ ቀና ብዬ አላየውም። ይህን እንድናገር እሱም እናቱም ፈቅደውልኛል። እሱ ያለኝ ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ተናገር። ግን ዶክተር ሆነህ እንደገዛኸው ንገራቸው።» ነገርኋችሁ።

ዶክትሬት ያለው ሰው የተሳሳተበትን ምርጫ ሌላው ሰው በዓይኑ ለይቶ እንዲያገኘው መጠበቅ አንችልም። ደረጃ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሊቁም ቸኳይ ነው፤ ዕቃው ስለ ራሱ እውነቱን መናገር አለበት።

ምን እናድርግ?

ለገዢው በቅድሚያ። ቁሩን ገልብጡት። ከጨርቁ በታች ያለውን ፎም ፈልጉ፤ ጠንካራ ሊሆንና ውፍረቱ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። በእጃችሁ መዝኑት፤ የተፈተነ ቁር ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ የጌጡ ግን ግማሽ ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ማሰሪያውን በኃይል ሳቡት፤ ምስማሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እዩ። አጥልቃችሁ አገጫችሁ ሥር አስራችሁ፣ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ለመግፋት ሞክሩ፤ ከወለቀ አይሆናችሁም። ምልክቱን ከዚህ ሁሉ በኋላ አንብቡ፤ ለብቻው ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ በማሰሪያው ላይ የተሰፋውን ፈልጉ።

ለባለቤቱም አንድ ቃል አለኝ። ፎም ጠላት አለው። ቤንዚን ያሟሟዋል። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ስትቀዱ ቁሩን ታንኩ ላይ አታስቀምጡ። በሞተሩ መስታወት ላይ ሰክታችሁ ቀኑን ሙሉ አትተዉት፤ የመስታወቱ ጫፍ ፎሙን ይጎደጉደዋል። አንድ ጊዜ በብርቱ የተመታ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል፤ ለሌላ ሰው አትሽጡት፣ አትስጡትም።

ለኛ ለፋኩልቲው ደግሞ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። የቁር መፈተኛ ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። መሪ ሽቦ፣ የብረት ራስ፣ ሰንጋና አንድ የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ነው። የመመረቂያ ሥራ ለሚፈልጉ የአራት ዓመት ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ርእስ አላውቅም። የኛ ውጤት ሕጋዊ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ያ የተስማሚነት ምዘና ሥራ ነው። ነገር ግን በከተማችን ገበያ የሚሸጡትን ቁሮች ገዝተን፣ ጥለን፣ የለካነውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ብናወጣ፣ ያ ወጣት ነጋዴ ጥያቄውን ሲጠይቅ ገዢው የሚመልሰውን ያውቃል።

ሞተር ሳይክል ለሠራተኛ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ የተፈተነ ቁር አብሮ ይስጥ፤ ለነጂውና ለተሳፋሪው ሁለት። ለጤና ኤክስቴንሽንና ለግብርና ባለሙያ ሞተር ስንገዛ ጎማውን እንመረምራለን፤ ራሱን የሚጠብቀውን ግን ለገበያ እንተዋለን። ዋጋው ለቀን ሠራተኛው እንዲቀል ደግሞ የተፈተነን ቁር ከውጭ ሲገባ በቀረጥ ማቃለል፣ የጌጡን በኬላ መለየት ያስፈልጋል። ሕጋችን «ቁር» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ከጥያቄና መልስ የተወሰደ

አንድ ተማሪ፦ መምህር፣ የተፈተነውን መግዛት የማይችል ሰውስ? ከባዶ ራስ የጌጡ አይሻልም?

መልስ፦ ሐቀኛ ጥያቄ ነው፤ ሐቀኛ መልስ ይገባዋል። ቆዳህን ከመላጥ ሊያድንህ ይችል ይሆናል። አንጎልህን ግን አደራ አትስጠው። የሚያስፈራኝ ስስነቱ ብቻ አይደለም፤ ያደረገው ሰው እንደተጠበቀ ማመኑ ነው። ሌላ እስክትገዛ ድረስ ማድረግ ግድ ከሆነብህ፣ ራስህ ባዶ እንደሆነ አስበህ ንዳ። ገንዘብ ስታገኝም ከሞተሩ ጌጥ፣ ከስልኩ ማስቀመጫ፣ ከአዲሱ መቀመጫ ልብስ በፊት ቁሩን ግዛ። ነጋዴው «ለማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህም ለራሴ በለው።

ሦስቱ ቁሮች እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይቆያሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ቀርባችሁ ገልብጧቸው፤ በጣታችሁም ተጫኗቸው።